ልብስም ሆነ የግድግዳ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት፦ ዓይንና አንጎል ቀለምን እንዴት እንደሚያዩ

ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ለሠርግ ጥለት ልትመርጡ ነው እንበል። ሱቁ ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ በርቷል፣ ባለሱቁ ክሩን ደርድሮ ያሳያችኋል፣ እናንተም “ይሄ ወይን ጠጅ ነው የሚያምረው” ብላችሁ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ቤት ሲገባ ያው ክር ወደ ቡኒ ይሄድባችኋል። ባለሱቁ አላታለላችሁም፣ ክሩም አልለቀቀም። ቀለም ዕቃው ላይ ብቻ ያለ ነገር ስላልሆነ ነው። ብርሃኑ፣ ዕቃው፣ ዓይናችሁና አንጎላችሁ አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ሲቀየር የምታዩት ቀለምም ይቀየራል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አራቱንም መፈተሽ ነው። ብዙው ፈተና ሳንቲም አያስወጣም።

ከዓይን እንጀምር። ከዓይናችን በስተኋላ ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ። እዚያ ላይ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ተደርድረዋል። ሮድ የሚባሉት ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ በደብዛዛ ብርሃን ጎበዞች ናቸው፣ ቀለም ግን አይለዩም። ኮን የሚባሉት 6 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ቀለም የምናየው በእነሱ ነው፣ በቂ ብርሃን ካላገኙ ግን አይሠሩም። ኮኖቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ በአጭር የብርሃን ሞገድ ይነቃቃል፣ ማለትም ወደ ሰማያዊው ባለው። ሁለተኛው በመካከለኛው፣ ወደ አረንጓዴው ባለው፤ ሦስተኛው በረጅሙ፣ ወደ ቀዩ ባለው። ይሄን የሦስትዮሽ ሐሳብ እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ ያቀረበው ማንም ሰው ኮን የሚባለውን ሴል ሥራ ሳያውቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1802 ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ዋናው ነጥብ ግን እዚህ ጋ ነው። አንድ ኮን ለብቻው ቀለም አያውቅም። “ብዙ ብርሃን ደረሰኝ” ወይም “ትንሽ ደረሰኝ” ከማለት ውጪ የሚያስተላልፈው መልእክት የለም። ቀለሙን የሚያወጡት የሦስቱን መልእክት እያነጻጸሩ የሚሄዱት የሬቲናና የአንጎል ሴሎች ናቸው።

ይሄን በዓይናችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ የሆነ ምስል ክፈቱ። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ በጣም ትንሽ ጠብታ ስክሪኑ ላይ አሳርፉ። ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ታገለግላለች። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ቢጫ ነጥብ የሚባል የለም፤ ያሉት ቀይና አረንጓዴ ነጥቦች ናቸው። ራቅ ስትሉ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ስልኩ ቢጫ ብርሃን አልላከም። ቀዩን የሚወደውን ኮንና አረንጓዴውን የሚወደውን ኮን በልኩ ነካካ፣ ቢጫውን እናንተ ሠራችሁት።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለገበያ ይጠቅማል። በሥሪታቸው የተለያዩ ሁለት ብርሃኖች ኮኖቹን እኩል ከነኩ አንድ ቀለም መስለው ይታያሉ። በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ሁለት ክሮችም በሱቁ መብራት ፍጹም አንድ መስለው ፀሐይ ላይ ሲወጡ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ የቀሚሱን ጥለት ከነጠላው ጥለት፣ ወይም ኮቱን ከሱሪው ልታመሳስሉ ከሆነ ሁለቱንም ይዛችሁ በር ላይ ውጡ። ባለሱቁ ደስ ባይለው እንኳ ጠይቁ። ቀን ላይ ጥላ ያለበት ቦታ ጥሩ ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ ያንጸባርቅና ያስቸግራል። ከዚያ ልብሱ የሚለበስበትን ሰዓት አስቡ። ዝግጅቱ ማታ አዳራሽ ውስጥ ከሆነ ሞቅ ባለ ቢጫማ አምፖል ሥርም እዩት።

አምፖል ስትገዙም ካርቶኑን አንብቡ። 2700 ኬልቪን የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን ነው፣ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። ሲአርአይ የሚል ቁጥር ካለው ደግሞ እሱን እዩ፤ ብርሃኑ የዕቃዎችን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ሲሆን ጣሪያው 100 ነው። ልብስ ለሚሰፋ፣ ፀጉር ለሚቀባ ወይም ሜካፕ ለሚሠራ ሰው ከ90 በላይ የሆነውን ቢፈልግ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አንጎል። አንጎል የብርሃኑን ቀለም ቀንሶ የዕቃውን ቀለም ለማወቅ ሁልጊዜ ይጥራል። ማታ ቢጫማ አምፖል ያለበት ቤት ውስጥ ስትቀመጡ ወረቀቱም ጋቢውም ነጭ ነው። አመሻሽ ላይ ውጡና የዚያኑ ቤት መስኮት ከውጭ እዩት፤ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያችኋል። መብራቱ ያው ነው። ውስጥ ስትሆኑ አንጎላችሁ ለምዶት ቢጫውን ቀንሶላችሁ ነበር።

ችግሩ ይሄ ቅነሳ በግምት የሚሠራ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንተርኔቱን ያመሰው የቀሚስ ፎቶ ትዝ ይላችኋል? ግማሹ ሰው ነጭና ወርቃማ አለ፣ ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር። ቀሚሱ በትክክል ሰማያዊና ጥቁር ነበር። ፎቶው ላይ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ በግልጽ ስለማይታወቅ ጥላ ውስጥ ነው ብሎ የገመተ አንጎል ሰማያዊውን ቀንሶ ነጭ አየ፣ በደማቅ ቢጫማ ብርሃን ሥር ነው ብሎ የገመተው ደግሞ ሰማያዊውን እንዳለ ተወው። ስለዚህ ዘመድ ውጭ አገር ሆኖ በቴሌግራም ፎቶ ልብስ ሲመርጥ ከዕቃው ጎን አንድ ነጭ ወረቀት አስቀምጣችሁ አንሱለት። ለተመልካቹ አንጎል መነሻ ይሆነዋል። ከፀሐይ ወደ ሱቅ ስትገቡም ወዲያው አትወስኑ፤ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚረሳው ጎረቤቱን ነው፤ የቀለሙን ጎረቤት ማለቴ ነው። ሚሼል ሸቭሬል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ በሚገኘው የጎበሊን ምንጣፍ መሸመኛ የማቅለሚያ ኃላፊ ነበር። አንዳንድ ጥቁር ክሮች ደከሙ የሚል ቅሬታ ይደርሰዋል። ማቅለሚያውን ሲመረምር እንከን የለውም። ጥቁሩን ያደከሙት ከጎኑ የተሸመኑት ቀለሞች ነበሩ። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ፤ ከዚያ ወዲህ ሠዓሊውም ሸማኔውም የሚጠቀምበት ሕግ ሆነ። ዓይን ጎን ለጎን ያሉ ቀለሞችን ልዩነት አጉልቶ ያያል።

ሞክሩት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጭ አውጡ። አንዱን ደማቅ ቀይ ወረቀት መሐል፣ ሌላውን ደማቅ አረንጓዴ መሐል አስቀምጡ። ቀዩ ላይ ያለው ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ አረንጓዴው ላይ ያለው ወደ ሮዝ። ከላይ አንድ ስስ ሶፍት ብታለብሱት ይበልጥ ይጎላል።

ጥለት ላይ ግን ተቃራኒውም ይከሰታል፣ እዚህ ጋ ጠንቀቅ በሉ። መስመሮቹ በጣም ቀጭን ሲሆኑ ዓይን መለየት ያቅተውና ቀለሞቹ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ። ቀጭን ቢጫና ቀይ ክር ጎን ለጎን ከተሸመነ ከእጃችሁ ላይ ሁለቱም ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ከአዳራሹ ጫፍ ግን ብርቱካናማ ነው። ቀይና አረንጓዴ በቀጭኑ ከተደባለቀ ከሩቅ የሚወጣው የደበዘዘ ቡኒ ነገር ነው፤ ብዙ የተለፋበት ጥለት ፎቶ ላይ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ጨርቁን ለሌላ ሰው አሲዛችሁ ስድስት ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ከዚያ ርቀት የወደዳችሁትን ግዙ።

ለግድግዳ ደግሞ የጥፍር ስፋት ባላት ናሙና አትመኑ። ያው ቀለም ሙሉ ግድግዳ ሲሞላ ይበልጥ ደምቆ ይታያል፣ ግድግዳዎቹም ብርሃን እየተቀባበሉ ያጠነክሩታል። ትልቅ ካርቶን ላይ ቀቡና ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ አምፖል ሥር ቦታ እየቀያየራችሁ እዩት። አሮጌው ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሞክሮ መፍረድ ጥሩ አይደለም፤ የድሮው ቀለም ጎረቤት ሆኖ ፍርዱን ያበላሻል።

ዓይን ደግሞ ይደክማል። ይሄኛውን ልጆች በጣም ይወዱታል። ነጭ ወረቀት ላይ ሦስት አግድም መስመር ቀቡ፦ ላይኛውን ደማቅ ሮዝ ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ፣ መሐለኛውን ሰማያዊ፣ ታችኛውን አረንጓዴ የነካው ውሃ ሰማያዊ። መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ነጥቡን ሳትነቃነቁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አፍጥጣችሁ እዩና ወዲያው ወደ ነጭ ግድግዳ ዞር በሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይመጣላችኋል። አንጎል ቀለምን በተቃራኒ ጥንድ ነው የሚይዘው፤ ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከቢጫ። አንዱ ወገን ሲደክም ተቃራኒው ያይላል። ስለዚህ አሥር ቀይ ልብስ ተራ በተራ ካያችሁ በኋላ ያለው ነጭ ትክክለኛ ነጭ አይደለም። መሐል ላይ ግራጫ ነገር፣ አስፋልትም ቢሆን፣ እያያችሁ አሳርፉት።

ሲመሽ ኮኖቹ እየለቀቁ ሮዶቹ ይረከባሉ። ሮዶች ለቀይ ብርሃን ደካማ ናቸው። ግቢያችሁ ውስጥ ቀይ ጽጌረዳ ካለ አመሻሽ ላይ ተመልከቱት፤ ቀን ላይ ከቅጠሉ ይደምቅ የነበረው አበባ ጥቁር ይሆናል፣ ቅጠሉ ግን ገና ይታያል። በዚህ ሰዓት ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ካልሲ ለመለየት መታገል ከንቱ ነው። ማታ መንገድ ዳር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ቀይ ሹራብ ያድነኛል አትበሉ። ነጭ ልበሱ፣ ወይም የሚያንጸባርቅ ነገር ያዙ።

ቤታችሁ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ እንደ እናንተ አያዩም። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ቢጫ እየሆነ ሰማያዊውን ብርሃን ይውጣል፣ የዓይን ሞራ ሲጨመር ይብሳል። ለእማማና ለአባባ ነጭና ክሬም ክኒን በቀለም ለይተው እንዲወስዱ አትንገሯቸው፤ ብልቃጡ ላይ ትልቅ ምልክት አድርጉላቸው። ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሰዎችም ብዙ ናቸው። የዘር ግንዳቸው ሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ እንዲህ ናቸው፤ ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞዞም ስለሚወረስ በሴቶች ላይ በጣም ያንሳል። ልጁ ሣሩን ቡኒ ቀብቶ ቢያመጣ አትቆጡት፣ ዓይን ክሊኒክ ወስዳችሁ በነጥብ የተሠሩትን የኢሺሃራ ሥዕሎች አስነብቡት። መምህራን ደግሞ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ቁም ነገሩን በቀይ ጠመኔ አትጻፉ፣ ከሥሩ አስምሩበት።

በኋላ የመጣ ለውጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በተለይ ለቲቢ ኤታምቡቶል ያለበት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የዓይንን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ከመጀመሪያ ምልክቶቹ አንዱም ቀይና አረንጓዴን መለየት ማቃት ነው። ቀለሙን በደንብ የምታውቁትን ቀይ ነገር፣ ለምሳሌ የጠርሙስ ክዳን፣ በየጊዜው በቀን ብርሃን አንድ ዓይን እየሸፈናችሁ እዩት። ከወትሮው ከደበዘዘባችሁ ወይም ማንበብ ካስቸገራችሁ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ወደሰጣችሁ ጤና ተቋም ሂዱና ንገሯቸው።