የዝናብ ዳታን ወደ ሁለት ዘንግ ስታወርዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የባሕር ዳርን፣ የዳንግላን፣ የአዴትን፣ የሞጣንና የደብረ ማርቆስን የዕለት ዝናብ፣ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ብትደረድሩት፣ ዓይን የሚያደክም የቁጥር ክምር ነው የሚሆነው። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ፒሲኤ (ዳታው በብዛት የሚለያይባቸውን አቅጣጫዎች የሚፈልግ ስሌት) ወይም ቲስኒ (የሚመሳሰሉ ቀናትን አጠጋግቶ የሚስል ስሌት) ይሠራና ሁሉንም ወደ ሁለት ዘንግ ያወርደዋል። ሥዕሉ ያምራል። የሚሸውደውም ማማሩ ነው።

ቅርጹን እንደ ግኝት መቁጠር

ይሄ ከሁሉም ይከፋል። ዝናቡ ከረጅም ጊዜ አማካዩ ምን ያህል እንደራቀ ቀን በቀን ይደመራል፤ ድምሩ ላይ ፒሲኤ ይሠራል። ለስላሳ ቅስት ይወጣል። ከዚያማ «የዝናቡ ሥርዓት ተቀይሯል» የሚል ምዕራፍ ይጻፋል።

እስቲ ትርጉም የሌላቸውን የዘፈቀደ ቁጥሮች በብዙ ዓምድ ደርድራችሁ በየዓምዱ ከላይ ወደ ታች እየደመራችሁ ሞክሩት። ያው ቅስት ይመጣል! ዓምዶቹ እጅግ ሲበዙ የመጀመሪያው ዘንግ ብቻውን 61 በመቶ ያህሉን ልዩነት ይይዛል፤ ሁለተኛው 15፣ ሦስተኛው 7 በመቶ ገደማ። ይህ የመደመሩ ውጤት እንጂ የጮቄ ተራራ ደመና ሥራ አይደለም። አማካዩን ከዚያው ዳታ ከወሰዳችሁት ደግሞ ድምሩ ከዜሮ ተነስቶ ዜሮ ላይ ስለሚያበቃ ቅስቱ ወደ ቀለበት ይጠጋል። «የአየር ንብረት ዑደት» ብሎ ለመጻፍ እጅ የሚያሳክክ ቀለበት።

መፍትሔው ቀላል ነው። የዘፈቀደ ቁጥር አምጡ፤ በዳታችሁ ላይ የሠራችሁትን ሁሉ በእሱም ላይ ሥሩ፤ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካልተለያዩ ምዕራፉን ሰርዙት።

ክረምቱን ሳይቀንሱ መጀመር

ጎጃም ውስጥ አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የየቀኑን የብዙ ዓመት አማካይ አስቀድማችሁ ካልቀነሳችሁ የመጀመሪያው ዘንግ የሚነግራችሁ ክረምት መግባቱን ነው። ይህንን ለማወቅ ደግሞ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ገበሬውን መጠየቅ ይበቃል።

መለኪያን መደባለቅ

ዝናብ በሚሊሜትር፣ ሙቀት በዲግሪ፣ ከፍታ በሜትር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ትበልጣለች። እነዚህን እንዳሉ ካስገባችኋቸው ከፍታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። እያንዳንዱን ዓምድ አማካዩን ቀንሳችሁ በስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ በሚርቁበት መጠን) አካፍሉት። አለቀ።

የቲስኒን ርቀት ማመን

ቲስኒን ሎረንስ ቫን ደር ማተንና ጄፍሪ ሂንተን በ2008 ያወጡት ጎረቤትን ከጎረቤት ለማቆየት ነው። በተራራቁ የነጥብ ክምሮች መካከል ያለው ርቀትም ሆነ የክምሩ ስፋት እንደ መለኪያ አይወሰድም። ለምሳሌ በበጋ በሁሉም ጣቢያ ዜሮ የሆኑ ቀናት በዝናብ ረገድ አንድ ዓይነት ናቸው። ዝናቡን ብቻ ካስገባችሁ አንድ ነጥብ ላይ መውደቅ ነበረባቸው፤ ሥዕሉ ላይ ግን ተበታትነው ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። «ፐርፕሌክሲቲ» የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ነጥብ ስንት ያህል ጎረቤት እንዲያይ የሚወስነውን ቁጥር ስትቀይሩም ሁሉ ነገር ይቀያየራል። የባሕር ዛፍ ጥላ ጠዋት ይረዝማል፣ ቀትር ላይ ያጥራል፤ ዛፉ ግን ያው ነው። በተለምዶ ከ5 እስከ 50 ባለው ውስጥ የተለያዩ ዋጋዎችን፣ በተለያየ መነሻም፣ ሞክሩ። በሁሉም ላይ የሚጸናውን ብቻ ጻፉ።

አንዱን ጉዞ እንደ ሙሉ ሂደት ማየት

የ30 ዓመት መዝገብም ቢሆን ዝናቡን የሚያመነጨው የዘፈቀደ ሂደት ሊሄዳቸው ከሚችላቸው ብዙ ጉዞዎች አንዱ ብቻ ነው። ሂደቱን ከሚመስል የሒሳብ ሞዴል ብዙ ጉዞዎች አውጡና አብራችሁ ሳሏቸው። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ለእያንዳንዱ ጉዞ ለየብቻ ፒሲኤ ሠርቶ ሥዕሎቹን መደራረብ። የፒሲኤ ዘንግ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ በዘፈቀደ ስለሚወሰን፣ ያው የሐምሌ ዶፍ በአንዱ ሥዕል ግራ፣ በሌላው ቀኝ ሊወድቅ ይችላል፤ ዘንጎቹ ራሳቸውም አይገጣጠሙም። ጉዞዎቹን ሁሉ መጀመሪያ አንድ ላይ አድርጉ፤ ዘንጉን አንዴ አስሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን በዚያው ዘንግ ላይ ሳሉት።