ከቆርቆሮው ሥር የተርብ ጎጆ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

እኛ ጅማ ውስጥ ከቆርቆሮ ክዳን ሥር ቀና ብሎ ያየ ሰው ተርብ አያጣም። ብዙዎቻችን ደግሞ እንዳየን እሳት ለኩሰን ነው የምንሮጠው። እባካችሁ ቆዩ። መጀመሪያ ጎጆው ምን ደረጃ ላይ እንዳለ እወቁ።

አንደኛ፣ ራቅ ብላችሁ እዩት። ግራጫ፣ ወረቀት የመሰለ፣ በቀጭን ዘንግ የተንጠለጠለና ቀዳዳዎቹ ወደ ታች የሚያዩ ከሆነ የተርብ ነው። የሰም እንጀራ ካያችሁ ግን ንብ ነውና ለንብ አናቢ ንገሩ። ወረቀቱን የምትሠራው ተርቧ ራሷ ነች። አጥር ላይ ቁጭ ብላ እንጨቱን ስትፍቅ ጠጋ ብትሉ ድምፁ ይሰማችኋል፤ ፍቅፋቂውን በምራቋ ለውሳ ትለጥፈዋለች።

ሁለተኛ፣ ቁጠሩ። አንድ ወይም ሁለት ሦስት ተርብና ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ንግሥቲቱ ገና ጎጆ እየቀለሰች ነው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሴት ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱ ሲደርሱ አደኑን ይረከቧታል፣ እሷ እንቁላል መጣል ላይ ትቀራለች። ወንዶችና አዳዲስ ንግሥቶች የሚመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ብርድ አገር፣ አውሮፓ ለምሳሌ፣ ክረምቱ ሲገባ አሮጊቷ ንግሥትም ሠራተኞቹም ያልቃሉ። የሚተርፉት ከወንድ ጋር የተገናኙት አዳዲስ ንግሥቶች ብቻ ናቸው። ዛፍ ቅርፊት ሥር ወይም የቤት ስንጥቅ ውስጥ ገብተው፣ ክንፋቸውን አጥፈው፣ ባጠራቀሙት ስብ እየኖሩ ወራቱን ድርቅ ብለው ያሳልፋሉ። የእኛ ክረምት ዝናብ እንጂ በረዶ ስላልሆነ "ብርዱ ይጨርሳቸዋል" ብላችሁ አትጠብቁ።

ሦስተኛ፣ ከመንገዳችሁ ራቅ ካለ ተዉት። ተርብ እጮቿን የምታበላው ትል አድና ነው፤ ጓሮ ጎመን ላላችሁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አራተኛ፣ በር ላይ ከሆነና ገና ከተጀመረ፣ ተርቧ ስትወጣ ጠብቃችሁ በረጅም እንጨት አውርዱት፣ ዘንጉንም ፍቃችሁ አንሱት። ከበዛ ግን መሰላል ላይ ወጥታችሁ አትሞክሩት፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ቤንዚንና እሳትማ በፍጹም! ቤቱ አብሮ ይሄዳል።

ከነደፈቻችሁ መጀመሪያ ከቦታው ራቁ፣ ምክንያቱም ተርብ እንደ ንብ መንደፊያዋን ጥላ አትሄድም፣ ደጋግማ ትነድፋለች። እጅ ላይ ከሆነ ሳያብጥ ቀለበት አውልቁ፣ በሳሙና ታጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዙበት። ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ግን አንድ ደቂቃ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ሂዱ።