ጭሱ ከየት መጣ? በካርቦን አይሶቶፕ ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ላይ አየር የሳበ ፊልተር ጠቁሮ ሲመጣ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነው። ይሄ ጥላሸት ከምጣድ ሥር ነው የወጣው ወይስ ከሚኒባስ ጭስ ማውጫ?

አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያይ ዓይነት ነው፤ ካርቦንም 12፣ 13 እና 14 አለው። በጣም የማየው ስህተት ካርቦን-13ን ብቻ ለክቶ መፍረድ ነው። በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም መልካም ልጆች ብዙ ወር ሲደክሙበት አይቻለሁ። ተማሪው ደስ ብሎት ይመጣል። «ኔጌቲቭ 27 በሺህ ወጣ፤ የባሕር ዛፍ ጭስ ነው» ይለኛል። ቁጥሩ የናሙናው ካርቦን-13 ከማነጻጸሪያው በሺህ ስንት እንደሚያንስ ይነግራል። ባሕር ዛፍ እውነትም እዚያ አካባቢ ነው። ናፍጣስ? ናፍጣም እዚያው ሰፈር ነው! ነዳጅ የተፈጠረው ጥንት በባሕር ከኖሩ ደቃቃ ነፍሳት ነው፤ እነሱም እንደ ዛፍ ቀላሉን ካርቦን-12 መርጠው ይወስዱ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን በዚህ ቁጥር መለየት አይቻልም። ካርቦን-13 የሚጠቅመው ባሕር ዛፍን ከጤፍ ጭድ ወይም ከበቆሎ አገዳ ስንለይ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ካርቦን የሚይዙበት መንገድ የተለየ ነው፤ ቁጥራቸው ወደ ኔጌቲቭ 12 ይጠጋል። እንጨትን ከናፍጣ ለመለየት ግን ካርቦን-14 ያስፈልጋል። ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር ይወስደዋል፤ ከሞተ በኋላ ግን በ5,730 ዓመት በግማሽ ስለሚቀንስ ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት ሥር በቆየ ነዳጅ ውስጥ ምንም አይቀርም። ልኬቱ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ጥያቄያችሁ እንጨት ወይስ ናፍጣ ከሆነ፣ ሃያ ፊልተር በካርቦን-13 ከማስለካት ሁለት ፊልተር ብቻ በካርቦን-14 ማስለካት ይሻላል።

የተክሉን ቁጥር እንዳለ ለጭሱ መስጠትም ያሳስታል። የእንጨት ጭስ ከእንጨቱ ብዙ አይርቅም። የእነ በቆሎ ዓይነት ተክሎች ጭስ ግን ከተክሉ በጥቂት በሺህ ዝቅ ሊል ይችላል። ጭዱን ራሳችሁ አንድዱትና ጭሱን ለኩ። ኩበት ደግሞ የላሟን መኖ ይከተላል። የገብስ ገለባ የምትበላ የደጋ ላም ኩበትና የጤፍ ጭድ የምትበላዋ ኩበት አንድ ቁጥር የላቸውም። እኔ ራሴ የአንድ መንደር ኩበት ለክቼ ለሌላ አካባቢ ተጠቅሜበታለሁ። ስሌቱን እንደገና መሥራት ነበረብኝ።

ካርቦን-14 አለው ማለት ጭስ ነው ማለት አይደለም። የአበባ ብናኝም፣ የምግብ ዘይት ጢስም አለው። የእንጨትና የጭድ ዋና ክፍል የሆነው ሴሉሎስ ሲቃጠል የሚወጣውን ሌቮግሉኮሳን የተባለ ውህድ አብራችሁ ለኩ።

የካርቦን-14 ውጤቱ ከዛሬው አየር በላይ ሲሆን ማሽኑ ተሳስቷል አትበሉ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተደረጉ የኑክሌር ሙከራዎች (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) የአየሩን ካርቦን-14 እጥፍ ሊያደርሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር። ያኔ ያደገ የግራር እንጨት ያንን ይዞ ከሰል ይሆናል። የአምስት ዓመት ባሕር ዛፍ ግን ይህን ያህል የለውም።

የሲሚንቶና የኖራ አቧራ ካለ፣ ከጭስ ያልመጣ ካርቦን ስላለበት ከልኬት በፊት ያንን ካርቦን በአሲድ ትነት አስወግዱት።

የኳርትዝ ፊልተሩን ከሥራ በፊት 500 ዲግሪ ገደማ ላይ ለሰዓታት አቃጥሉት፣ በተቃጠለ ፎይል ጠቅልሉት፣ በወረንጦ እንጂ በጣት አትንኩት። አየር ያልሳበ ባዶ ፊልተርም አብሮ ይሂድ።

የማስቀመጫው ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንድ ጊዜ የሙሉ በጋ ፊልተር ቦታ ስላጣሁ በሌላ ላቦራቶሪ ፍሪዘር አስቀመጥኩ። ውጤቱ ሲመጣ ካርቦን-14ቱ ከማንኛውም ሕያው ነገር በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። ለካ እዚያ ክፍል ከዓመታት በፊት ካርቦን-14 የተጨመረበት ስኳር ለሙከራ ይጠቀሙ ነበር። ከበሩ እጀታ ላይ እንኳ አልጠፋም። ፊልተሮቹን በሙሉ ጣልናቸው። አሁን ቦታ ስለምን መጀመሪያ የምጠይቀው በዚያ ክፍል በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ነው።