ከሽንሌ ሜዳ እስከ ደንገጎ ዳገት፦ የሞተር ሳይክል ስፕሮኬትና የሞተር ዙር እንዴት ይመጠናል?

ከድሬዳዋ ወጥቶ በሽንሌ ሜዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር ባለ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል በ5ኛ ማርሽም ይጮሃል፣ እጅም ያደነዝዛል። ብዙ ነጂ ወዲያው የፊቱን ስፕሮኬት (ሰንሰለቱ የሚጠመጠምበትን ባለ ጥርስ ክብ ብረት) በትልቅ ለማስቀየር ይሮጣል። ለውጡ የሞተሩን ዙር ስለሚቀንስ ሊጠቅም ይችላል። ግን ያው ሞተር ሳይክል ነገ ሁለት ሰው ጭኖ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ሊወጣ ነው፤ ስለዚህ ስፕሮኬት ሲመረጥ ዳገቱ ይቅደም።

ዙሩን ማወቅ

ዙር ቆጣሪ ከሌለ በእጅ መቁጠር ይቻላል። ቁልፉን አጥፉ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ በመሃል ማቆሚያው አቁሙትና 5ኛ ማርሽ አስገቡ። ብዙ ሞተሮች በግራ በኩል ባለው ክዳን ላይ ትንሽ ቆብ አላቸው፤ እሷ ስትወጣ ማግኔቱን የያዘው ዳዶ ይታያል። የኋላ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ሰው ጎማውን ወደ ፊት 10 ሙሉ ዙር ሲያዞር ሌላው ዳዶው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠር። 91 ቢመጣ፣ ጎማው አንዴ ሲዞር ሞተሩ 9.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

ቀጥሎ ነጂው ተቀምጦበት ጎማው አንድ ዙር ሲንከባለል የሚሸፍነውን ርቀት በሜትር ለኩ። ባለ 18 ጎማ 1.9 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በደቂቃ 1,333 ሜትር ነው፤ ለ1.9 ሲካፈል ጎማው 702 ጊዜ ይዞራል። በ9.1 ሲባዛ ሞተሩ በደቂቃ 6,390 ዙር ገደማ ይዞራል።

ይህን ቁጥር መመሪያው ላይ ከተጻፈው፣ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበት ከሚሰጥበት ዙር ጋር አወዳድሩት። ለረጅም መንገድ ከዚያ ከ65 እስከ 80 በመቶ ያለው ተመራጭ ነው። ያ ዙር 8,000 ከሆነ ከ5,200 እስከ 6,400 ማለት ነው፤ የእኛው ምሳሌ ጫፉ ላይ ደርሷል።

አንድ ጥርስ ምን ያደርጋል?

ፊቱ 14፣ ኋላው 42 ጥርስ ቢሆን 42 ለ14 ሲካፈል 3 ነው። ፊቱ 15 ሲሆን 2.8 ይሆናል፤ ዙሩ 7 በመቶ ገደማ ወርዶ 5,960 ላይ ይቀመጣል። የኋላውን ከ42 ወደ 39 መቀነስም ያንኑ ያህል ነው፤ የፊቱ ግን በዋጋ ይረክሳል፣ ለሰንሰለቱም ይመቻል። በአንዴ ሁለት ጥርስ አትጨምሩ።

አሁን ዳገቱ። መንገዱ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ቤንዚኑም ለቀጠነው አየር ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል። በዚህ ላይ በትልቁ ስፕሮኬት ማርሹ ከረዘመ (በያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር ካነሰ) 5ኛው መሸከም ያቅተዋል። በ14 ጥርስ፣ በ60 ኪሎ ሜትር፣ በ5ኛ ማርሽ 4,800 ይዞር የነበረው ሞተር በ15 ጥርስ ወደ 4ኛ ለመውረድ ይገደዳል። በሁለቱ ማርሾች መካከል ያለው ልዩነት 20 በመቶ ቢሆን ዙሩ 5,370 ይደርሳል። ዙር ለመቀነስ የተገዛው ጥርስ ዳገት ላይ ዙር ጨመረ ማለት ነው።

በግትርነት 5ኛው ላይ መቆየት ደግሞ የባሰ ነው። ጋዙ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ሰንሰለቱ ከነጠረ፣ ከሞተሩ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከመጣ ሞተሩ እየታነቀ ነው። በድሬ ሙቀት ይህ ፒስተን ያበላሻል። ሳትዘገዩ ማርሽ ቀንሱ።

አቀያየሩ

1. ሰንሰለቱ ሳይወልቅ፣ ማርሽ አስገብታችሁ ሌላ ሰው የኋላ ፍሬን ረግጦ ሳለ የፊቱን ስፕሮኬት ብሎኖች ወይም ዳዶ አላሉ። ሰንሰለቱ ከወለቀ በኋላ ዘንጉ ስለሚዞር መከራ ነው።
2. የኋላ ጎማውን ዳዶና የሰንሰለት መወጠሪያዎቹን አላልታችሁ ጎማውን ወደ ፊት ግፉ።
3. አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡ፤ የመሃል ቀዳዳውና ውፍረቱ እኩል ይሁን። የሰንሰለቱ የመጠን ቁጥር 428 ከሆነ ስፕሮኬቱም የ428 መሆን አለበት። መያዣ ሳህኗን መመለስ አትርሱ።
4. ጎማው ከቀድሞው ቦታ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣል፤ የግራና የቀኝ ምልክቶች እኩል ይሁኑ። የታችኛው ሰንሰለት መሃሉ ላይ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይላላ፤ መመሪያው ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ለኩ፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ የዘንጉን ኩሽኔታ ይበላል።
5. ክዳኑን ከመለሳችሁ በኋላ ጎማውን በእጅ አዙሩ፤ ሰንሰለቱ ክዳኑን መንካት የለበትም።

የ428 ሰንሰለት 20 ዓይን አዲስ ሲሆን 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ አልቋል፤ ሰንሰለቱንና ሁለቱንም ስፕሮኬቶች አብራችሁ ቀይሩ። ያለቀ ሰንሰለት አዲስ ጥርስ ቶሎ ይጨርሳል።

ፍጥነት መለኪያው ከፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ አይለወጥም። ከማርሽ ሳጥን የሚነዳ ከሆነ ግን 80 ሲያሳያችሁ 86 ላይ ናችሁ።

መጀመሪያ ሜዳው ላይ፣ ከዚያ የተለመደውን ጭነት ይዛችሁ ደንገጎ ላይ ሞክሩት። ሥራው በሜዳማው የደወሌ መንገድ ለሆነ 15 ይመቻል። በየቀኑ ሐረር ለሚመላለስ 14ቱ ይቆይ፤ ሜዳው ላይ 75 መንዳት ይበቃል። ቁልቁለቱንም አስቡ፦ በ15 ጥርስ ሞተሩ የሚይዘው ኃይል ስለሚቀንስ ቀድሞ በ3ኛ የምትወርዱትን ጠመዝማዛ በ2ኛ ውረዱ። ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት የፍሬኑን ሸራ አግሎ ያከሽፈዋል።