የፉጋዚን የመጨረሻ አልበም እንዴት እንስማው?

«ፐንክ ጩኸት ብቻ ነው» ለምትሉ ነው የምጽፈው። በተለይ ዲሲና አካባቢዋ ለምትኖሩ።

ፉጋዚ የሚባለው ባንድ አባላት የዲሲ ልጆች ናቸው። ከሃርድኮር ፐንክ (ፈጣንና ጯሂ ከሆነው የፐንክ ዓይነት) ተነስተው የራሳቸውን መንገድ የያዙ አራት ሰዎች። የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበማቸው «ዘ አርጊዩመንት» በኦክቶበር 2001 ወጣ። የተቀዳው ከወንዙ ማዶ፣ አርሊንግተን ውስጥ፣ ኢነር ኢር በተባለ ስቱዲዮ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት መግቢያዋን እለፏት። ርዕስ እንኳ የላትም፤ በኋላ ትመለሱባታላችሁ። በቀጥታ «ካሽአውት» ወደሚለው ሂዱ። ነገሩ የቤት ኪራይ ነው። ሰፈሩ ይለማል ተብሎ ተከራይ ከቤቱ ሲወጣ። ዘፋኙ ኢያን ማካይ መጀመሪያ ላይ አይጮህም፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው ረጋ ብሎ ይነግራችኋል። ቁጣው ቆይቶ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ደግሞ ምክንያቱን አውቃችሁ ትጠብቁታላችሁ። ለእኛ ለሀበሾቹ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም። ኤዳምስ ሞርጋን በሚባለው የዲሲ ሰፈር ምግብ ቤት የከፈተው ሰው ኪራይ ሲንርበት ወደ ዩ ስትሪት ሄደ። እዚያም ሲወደድ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ተበተንን። እኔ ይሄን ዘፈን የወደድኩት በጊታሩ አይደለም፣ በዚህ ነው።

ቀጣዩ «ፉል ዲስክሎዠር» ያስደነግጣል። ሌላው ዘፋኝ ጋይ ፒቾቶ ገና ከመነሻው ይጮሃል። አትዝጉት! ትንሽ ብትታገሡ አዝማቹ ላይ ዜማው ፍንትው ይላል። የጋይን ቃላት በጆሮ ብቻ መያዝ ከባድ ነው፤ ግጥሙን ቀድማችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት።

በስልክ ስፒከር ግን አትስሙት። ባሱ ድራሹ ይጠፋል፤ ባስ የሌለው ፉጋዚ ደግሞ በርበሬ የሌለው ወጥ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ወይም የመኪና ስፒከር ይሁን። የጆ ላሊን ባስ ተከተሉ፤ ሌላው ሁሉ ቢበታተን እሱ ይመራችኋል። «ዘ ኪል» ላይ የሚዘፍነውም እሱ ራሱ ነው፣ በለሆሳስ። «ኤክስ-ስፔክቴተር» ላይ ሁለት ድራመሮች አብረው ይመታሉ። የባንዱን ድራመር ብሬንዳን ካንቲን ከሁለተኛው ለመለየት ሞክሩ፤ እኔ አሁንም ይምታታብኛል።

ሹፍል የሚባለውን፣ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የሚያደባልቀውን ነገር አጥፉ። አልበሙ አርባ ደቂቃ አካባቢ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲክስቲንዝ ስትሪትን ይዤ በሥራ መግቢያ ሰዓት ስወርድ ልክክ ይልልኛል። ትራፊኩ ለዚህ እንኳ ይጥቀም እንጂ።

የመጨረሻው ዘፈን «አርጊዩመንት» ስለ ጦርነት ነው፤ ዝግ ያለ። ስትሰሙት ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ የተጻፈ ይመስላችኋል። ግን የተቀዳው በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወራት ነው፣ ከጥቃቱ በፊት። ይሄን አውቆ መስማት ሌላ ነው።

እነዚህ ሰዎች የኮንሰርት መግቢያ አምስት ዶላር አካባቢ እንዲሆን ይሟገቱ ነበር። ቲሸርት እንኳ አይሸጡም ነበር። ስለዚህ አልበሙን ከወደዳችሁት ግዙት። ማካይ ከጓደኛው ጋር በ1980 የመሠረተው ዲስኮርድ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ራሱ ይሸጣል። ከዚያ ወደ 1990ው አልበማቸው «ሪፒተር» ተሻገሩ። እሱ ይጮሃል፤ አፓርታማ የምትኖሩ ድምፁን ቀነስ አድርጉ።