የሌላ ሰው ሶፍትዌር ወደ ክፍት ምንጭ የፓኬጅ ስብስብ ከመግባቱ በፊት ፈቃዱን ስለ መመርመር

ወደ ክፍት ምንጭ የፓኬጅ ስብስብ (ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ወደሚከማቹበት ቦታ) አንድ ሶፍትዌር የሚያስገባ ሰው ኮዱን ባይጽፈውም አከፋፋዩ እሱ ስለሚሆን፣ የፈቃዱ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከተዋል። ብዙዎች ከምንጭ ኮዱ ጋር የተቀመጠውን የፈቃድ ፋይል አንብበው ሥራውን እንደ ጨረሱ ይቆጥሩታል፤ ያ ፋይል ግን አዘጋጁ ስለ ራሱ ሥራ የሰጠው ቃል እንጂ በውስጡ ለተካተተው ሁሉ ማረጋገጫ አይደለም።

ፋይሉ ጨርሶ ከሌለ፣ ኮዱ በይፋ ስለ ታየ ብቻ ማሰራጨት እንደ ተፈቀደ አይቁጠሩ። አዘጋጁ በሚቀጥለው እትም ላይ ፈቃድ እንዲያክል በጽሑፍ ይጠይቁት። «ለእናንተ ፈቅጃለሁ» የሚል መልስ አይበቃም፤ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተው የኮምፒውተር ሥርዓት ዴቢያን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ ፈቃዱ ለዴቢያን ብቻ የተሰጠ እንዳይሆን ይጠይቃል። ለንግድ መዋልን የሚከለክል ፈቃድም በዚሁ መመሪያ አያልፍም። «ለበጎ እንጂ ለክፉ አይዋል» የሚለው የጄሰን ፈቃድ (ጄሰን ከሚባለው የመረጃ አጻጻፍ ኮድ ጋር የመጣው) እንኳ፣ አሳቡ የሚያስመሰግን ቢመስልም፣ አጠቃቀምን ስለሚገድብ ነጻ አይደለም ተብሏል።

ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። በየፋይሉ አናት ላይ ያለውን የባለመብት ስም ያንብቡ፤ ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጠው የገቡ ላይብረሪዎችን (ዝግጁ የኮድ ስብስቦችን) ይለዩ፤ ምንጩ ሳይኖር ተጨምቆ የተቀመጠ የጃቫስክሪፕት ፋይል ካለ ምንጩን ይፈልጉ ወይም ያውጡት። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ፎንቶችን፣ አዶዎችንና የድምፅ ፋይሎችን ነው፤ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ለኮዳቸው የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ለእነዚህ እምብዛም አያደርጉምና። ላይሰንስቼክና ስካንኮድ የተባሉት መሣሪያዎች ፍለጋውን ያፋጥናሉ፣ ፍርዱ ግን የእርስዎ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፈቃዶች መጣጣም ነው። ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ስብስብ ውስጥ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ችግር አይፈጥርም፤ ችግሩ የሚመጣው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሲዋሐዱ ነው። ጂፒኤል የተሻሻለው ሥራም ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲሆን የሚያስገድድ ፈቃድ ነው፤ በሁለተኛው እትሙ፣ በጂፒኤል 2፣ ብቻ የተለቀቀ ኮድ አፓቼ 2.0 ከሚባለው ሌላ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ጋር እንደማይጣጣም የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ይገልጻል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 ግን ይጣጣማል። ስለዚህ «ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ እትም» የሚለው ሐረግ ጂፒኤል 3ን ለመምረጥ ስለሚያስችል፣ መኖር አለመኖሩ ውጤቱን ይለውጣል። የምስጠራ ላይብረሪ የሆነው ኦፕንኤስኤስኤል በ2021 በወጣው 3.0 እትሙ ወደ አፓቼ 2.0 ቢሸጋገርም፣ በጂፒኤል 2 ብቻ ለተያዙ ፕሮግራሞች ከእሱ ጋር ለመዋሐድ ልዩ ፈቃድ የማስፈለጉ ጉዳይ አልተዘጋም።

ያገኙትን ሁሉ በፓኬጁ የቅጂ መብት ፋይል ላይ፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ፈቃድ እንደ ተያዘ ለይተው፣ በኤስፒዲኤክስ (ለፈቃዶች መደበኛ ስም በሚሰጠው ዝርዝር) አጫጭር መለያዎች ይመዝግቡ። አዲስ እትም በመጣ ቁጥር የፈቃድ ጽሑፎቹን ከቀድሞዎቹ ጋር ያነጻጽሩ፤ የመረጃ ቋት ፕሮግራም የሆነው ሬዲስ በመጋቢት 2024 ለቀጣይ እትሞቹ ነጻ የነበረውን የቢኤስዲ ፈቃዱን ሲተው፣ ቀድሞ የወጡት እትሞች በነበሩበት ቢቀጥሉም፣ ሳያነብ እትሙን ያሳደገ ሰው ነጻ ያልሆነ ሶፍትዌር በገዛ እጁ ያስገባ ነበር።