ስልክ የገባበት እቁብ እንዴት ይመራል?

እቁብ ከእሁድ ስብሰባ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ሲዛወር የሚያስቸግረው ገንዘብ ማድረሱ አይደለም። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ 2,000 ብርን ከመርካቶ እስከ አያት ወዲያውኑ ያደርሳል። የሚጎድለው ሰው ከሰው መተያየቱ ነው፦ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቅ ነበር፣ እጣውም በሁሉም ፊት ይወጣ ነበር፣ ዋሱም አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ክፍያውንና መዝገቡን ለስልኩ ስጡት፤ እጣውንና ዋስትናውን ግን እንደ ድሮው ያዙ።

ሰውና መጠን

ለምሳሌ 25 ሰው በሳምንት 2,000 ብር ቢጥል ባለ እጣው 50,000 ያነሳል፣ ዙሩም በ25 ሳምንት ያልቃል። ከዚያ በላይ አታርዝሙት፤ ምክንያቱም የመጨረሻውን ሰው የዋጋ ንረት ይበላዋል። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ቢጨምር፣ የመጀመሪያው ሰው በ50,000 የገዛውን ዕቃ የመጨረሻው ለመግዛት 54,400 ብር ገደማ ያስፈልገዋል። ይኸው እቁብ በወር አንዴ የሚጣል ቢሆን ግን 25ኛው ሰው 72,000 ይፈልጋል። ድሮ ዓመትና ሁለት ዓመት የሚሄድ እቁብ ማንንም ላያስከፋ ይችል ነበር፤ ዛሬ መጨረሻ ላይ የሚያነሳው ሰው ቢያጉረመርም እውነት አለው።

2,000 ለሚከብደው ሰው ግማሽ እጣ ፍቀዱ፤ ሁለት ሰው አንድ እጣ ይይዛል። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ተጠሪው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አለበለዚያ አንዱ ሲጎድል ጸሐፊው ሁለቱን ሲያሳድድ ይውላል።

ገንዘቡ በማን እጅ ይቆይ?

በማንም። በስልክ በሚሄድ እቁብ ትልቁ ስሕተት የሁሉም ገንዘብ በዳኛው (በእቁቡ መሪ) የግል ሒሳብ እንዲጠራቀም ማድረግ ነው። ዳኛው ታማኝ ቢሆንም ሊሞት ይችላል፤ ያኔ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ እንደ ውርስ ይታያል፣ የእቁቡ መሆኑን ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ይሆናል። ስልኩ ሊሰረቅ፣ ሒሳቡም ሊታገድ ይችላል።

መፍትሔው እጣውን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ማውጣት ነው። ዛሬ እሁድ የሚወጣው እጣ የሚቀጥለው እሁድ የሚከፈለው ነው። ባለ እጣው ሳምንቱን ሙሉ ዋስ ይፈልጋል፤ አባላቱ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት በቀጥታ ወደ እሱ ሒሳብ ይልካሉ። ከመላካችሁ በፊት የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «እቁብ፣ ሳምንት 7» ብላችሁ ጻፉ። የማስተላለፊያው ክፍያ የላኪው ነው፤ ባለ እጣው ጋ የሚደርሰው ድፍን 2,000 መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስክሪንሹት አይመን። ያለፈው ሳምንት ምስል ቀኑ ተቀይሮ ይላካል፤ የውሸት መልእክትም ይሠራል። ጸሐፊው የግብይት ቁጥሩን ተቀብሎ ከባለ እጣው የሒሳብ ዝርዝር ጋር ያመሳክር፤ ገባ የሚባለው ባለ እጣው «ደርሶኛል» ሲል ብቻ ነው። መዝገቡ ኤክሴል ላይ ይያዝ፣ በየእሁዱም ፎቶው ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። የወረቀት ደብተር ከወደዳችሁም ደብተሩ ያው ይሠራል፤ ዋናው ሁሉም ማየቱ ነው።

እጣው

እጣ የሚያወጣ መተግበሪያ ሞልቷል፤ አትጠቀሙበት። ከጀርባው ማን ምን እንዳደረገ የሚያይ የለም፣ አንድ ሰው ሁለተኛና የቅርብ ዘመዱ ሦስተኛ ሲወጡ ሐሜት ይጀመራል። ሐሜት የገባበት እቁብ ደግሞ ክፍያው ይንጠባጠባል። ስማችሁን በእኩል የተቆረጠ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በቪዲዮ ጥሪ እያንዳንዱን ወረቀት እያሳያችሁ፣ እየቆጠራችሁ፣ እየጠቀለላችሁ ቆብ ውስጥ ጨምሩ። ሕፃን ልጅ ያውጣ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያለፈውን ሳምንት ያልከፈለ ሰው ወረቀቱ አይገባም፤ ይህ ከማንኛውም ቅጣት ይበልጣል።

የሁሉንም ተራ በመጀመሪያው ቀን በአንዴ አውጥቶ መጨረስ ሥራ ያቀልላል፣ ግን 25ኛ መሆኑን ያወቀ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ይጠፋል።

እጣ መለዋወጥ ይፈቀድ፤ የታመመ ወይም የሚድር ሰው ይቸኩላል። ሁለቱ በውስጥ መልእክት ተነጋግረው ቢጨርሱ ግን ገንዘቡ ለተሳሳተ ሰው ይላካል። ስለዚህ ልውውጡ ከማክሰኞ በፊት በሁለቱም ድምፅ ግሩፑ ላይ ይነገር፤ ዋስ የሚያመጣውም አዲሱ ባለ እጣ ነው።

ዋሱ

እቁብን በሕግ ማጠር አዲስ አይደለም። ሕንድ ቺት ፈንድ የሚሉትን የእነሱን እቁብ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ ሰብሳቢው መያዣ እንዲያስቀምጥ አስገድዳለች። ጃፓንም ሙጂን የሚባሉትን እቁብ መሰል ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ሕግ ወደ ባንክነት ለውጣቸዋለች። እኛ ጋ ችግር ሲመጣ የሚመዘዘው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ ዋስትና ጥብቅ ነው። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት (ቁጥር 1725)፣ የሚዋሱበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ዋጋ የለውም (ቁጥር 1922)። ግሩፑ ላይ «እኔ አለሁለት» ብሎ አውራ ጣት መላክ ዋስነት አይደለም።

አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የባለ እጣው ስም፣ የቀረበት ዕዳ በአኃዝና በፊደል፣ የዋሱ ስምና ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። መጠኑ በየሳምንቱ ይለያያል። የመጀመሪያው ባለ እጣ ከራሱ ሳምንት በኋላ 24 ክፍያ፣ ማለትም 48,000 ብር ይቀርበታል፤ 20ኛው 10,000 ብቻ። ስለዚህ እስከ ስምንተኛው ሁለት ዋስ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጠይቁ። ገና እጣ ያልወጣለት እቁብተኛ ጥሩ ዋስ ነው፤ የሚይዘው የራሱ እጣ አለና። ያነሳ ሰው ግን ለሌላው ዋስ አይሁን፣ ራሱም ባለ ዕዳ ነውና። ባልና ሚስት እርስ በርስ ቢዋዋሱ አንድ ቤት ነው፤ እንደ ዋስ አትቁጠሩት።

ወረቀቱ ሳይፈረም ገንዘቡ እንዳይላክ። ዋስ ያጣ ባለ እጣ ካለ ተራው ለሌላ ይሰጥ፣ እሱ ዋስ ባገኘ ጊዜ ያነሳል። ዳኛው «እሱማ የኛ ሰው ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም።

ሰው ሲያቋርጥ

ያነሳ ሰው አንድ ሳምንት ከቀረ ዳኛው ይደውል፤ ቅጣቱ 100 ብር ይሁንና ቀላል ይሁን። ሁለት ሳምንት ሲቀር ዋሱ ይጠራ፣ ሦስተኛው ሳምንት ዋሱ ይክፈል። ስሙን ግሩፑ ላይ ለጥፎ ማዋረድ የተለመደ ሆኗል፤ የተዋረደ ሰው ግን ግሩፑን ለቆ ይወጣል እንጂ አይከፍልም። ሁለት ሽማግሌ ቤቱ ቢልኩ ይሻላል። ያላነሳ ሰው ካቋረጠ ደግሞ የጣለውን ዙሩ ሲያልቅ እንጂ በመሃል አትመልሱ፣ ይህንንም ከመጀመሪያው በደንቡ አስፈርሙት።

ውጭ አገር ያለ አባል

ዋሺንግተን ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ልግባ ቢል የእቁቡ ገንዘብ አንድ ዓይነት ይሁን። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ግማሹ በዶላር ግማሹ በብር ይጥል የነበረ እቁብ በዚያ ወር ማን ለማን ስንት እንደሚሰጥ ማስላት አይችልም። በብር ከሆነ አዲስ አበባ ያለ ሰው ይወክለውና እሱ ይጣል፣ ዋሱም እዚሁ አገር ያለ ሰው ይሁን። በዶላር የሚሄደው እቁብ ሌላ ነው፤ እሱን እዚያው ያሉት ለብቻቸው ያቋቁሙት።